ከጥግ እስከ ጥግ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ሦስት ጎን ቅርፆች ከጻፍኩ ወዲህ "ባለአራት ጎኑስ?" የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። አብዛኞቹ ከዚሁ ከወሎ ናቸው። ተማሪ ሆኖ የጻፈልኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቤት የሚያሠሩ፣ በር የሚገጥሙ፣ መሬት የሚካፈሉ ሰዎች ናቸው። ደሴ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ሳስተምር ከኋላ ወንበር "ይሄ ነገር ምን ያደርግልናል?" የሚል ድምፅ አይጠፋም ነበር። ዛሬ የሚጽፉልኝ እነዚያው ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም እያልኩ ነው ደብዳቤዎቹን የማነበው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ላይ 8 በ6 ሜትር የሆነች ቤት ላሠራ መሠረት እያስወጣሁ ነው። ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጠረ። ፊትና ጀርባውን ለካሁ፣ 8 እና 8። ግራና ቀኙን ለካሁ፣ 6 እና 6። "በቃ ልክ ነው፣ ቁፋሮ ይጀመር" ስል ግንበኛው "ሰያፉን ሳልለካ ዶማ አላስነሳም" ብሎ አስቆመኝ። የቀን ሠራተኞቹ ቆመው እየዋሉ ሒሳብ ይቆጥሩብኛል። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ሌላ ምን ቀረ? (ቤት ሠሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ግንበኛ ካገኙ እንዳይለቁት። እሱ "ሰያፍ" ያለው በትምህርት ቤት ዲያጎናል የምንለውን ነው፤ ከአንድ ጥግ ተነስቶ ፊት ለፊት ወዳለው ጥግ የሚዘረጋውን መስመር።

ጎኖቹ እኩል መሆናቸውና ጥጉ ቀጥ ያለ መሆኑ የተለያየ ጉዳይ ነው። ማታ ቤትዎ ሲገቡ አራት የሸምበቆ ቁራጭ ይፈልጉ፤ ሁለቱ እኩል ረጃጅም፣ ሁለቱ እኩል አጫጭር። ጫፍና ጫፋቸውን በክር ያያይዟቸውና መሬት ላይ ያንጥፏቸው። አሁን አንዱን ጥግ በጣትዎ ገፋ ያድርጉት። ቅርፁ ይንጋደዳል፤ የሸምበቆዎቹ ርዝመት ግን ቅንጣት አልተለወጠም። አሁንም ቢገፉት አሁንም ይንጋደዳል፣ በመጨረሻ ሸምበቆዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይተኛሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊትና ጀርባው እኩል፣ ግራና ቀኙም እኩል ነው። የተቃራኒ ጎኖቹ እኩል መሆን ባለአራት ጎኑ ቅርፅ ፓራሌሎግራም መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ማለትም ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች ትይዩ ናቸው። ከዚያ አልፎ ስለ ጥጉ የሚለው ነገር የለም።

ጥጉን የሚናገረው ሰያፉ ነው። በእርስዎ መሠረት ላይ ሁለት ሰያፎች አሉ። ጥጎቹ ሁሉ 90 ዲግሪ ከሆኑ ሁለቱም እኩል ይመጣሉ፤ ርዝመታቸውም ይታወቃል። 8 ሲባዛ በ8፣ 64፤ 6 ሲባዛ በ6፣ 36፤ ድምሩ 100። በራሱ ተባዝቶ 100 የሚሰጠው 10 ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሰያፍ ልክ 10 ሜትር መሆን አለባቸው። አንዱ 10 ሜትር ከ20 ቢመጣ ሌላው 9 ሜትር ከ80 ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የኋላዎቹ ችካሎች ወደ አንድ ጎን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ተንሸራተዋል ማለት ነው። ጥጎቹም ሁለቱ 87.6 ዲግሪ፣ ሁለቱ 92.4 ዲግሪ ይሆናሉ። ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ 2.4 ዲግሪ የሚለይ ዓይን የለም። ሜትር ግን ይለየዋል።

ለምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ፣ የፊቱን 8 ሜትር ይያዙና በላዩ ላይ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርፆችን ይመልከቱ። አንዱ ከግራው ጎንና ከአንዱ ሰያፍ ጋር፣ ሌላው ከቀኙ ጎንና ከሌላው ሰያፍ ጋር። ሁለቱም 8 እና 6 አላቸው። ሰያፎቹም እኩል ከሆኑ ሦስቱም ጎኖቻቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ስለዚህ የግራውና የቀኙ ጥግ እኩል ናቸው። በፓራሌሎግራም ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥጎች ድምራቸው 180 ነው። እኩል ሆነው 180 የሚሞሉ ሁለት ጥጎች እያንዳንዳቸው 90 ናቸው። ሌላ ምርጫ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰያፎቹ እኩል ሆኑ ብለው ጎኖቹን መለካት አይተዉ። ፊቱ 8፣ ጀርባው 7 ሆኖ ግራና ቀኙ በእኩል ያዘነበለ ቅርፅም ሰያፎቹ እኩል ይመጣሉ፤ እሱ ትራፒዚየም ነው፣ ቤት አይሆንዎትም። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ቦታዎ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ሜትሩን መሬት ላይ አያስተኙት፤ ወጥረው በውሃ ልክ አግድም ይያዙት። አለዚያ የሚለኩት ዳገቱን ነው።

የኔን ሳሎን ልንገርዎ። ጦሳ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው። ያስወጣው ሰው ጎኖቹን ብቻ ለክቶ ቆፈረ። ግድግዳው ቆመ፣ ተለሰነ፣ ተቀባ፤ ማንም ምንም አላየበትም። ከዓመታት በኋላ ወለሉን ሴራሚክ ላስነጥፍ አንድ ልጅ ጠራሁ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ከበሩ ግድግዳ ጀምሮ ባለ30 ሳንቲ ሜትሩን ሴራሚክ ደረደረ፤ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደለት። በጎን ግድግዳው በኩል የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። ከግድግዳው ጋር የቀረው ክፍተት በመስኮቱ ጥግ 28 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በቡፌው ጥግ 3 ሳንቲ ሜትር። እያንዳንዱን ሴራሚክ አንስቶ በእርሳስ አዘንብሎ እያሰመረ፣ አንዱ ካንዱ እየጠበበ የሚሄድ ሽብልቅ ቆረጠ። በቡፌው በኩል ያሉት ከመሳሳታቸው የተነሳ ሁለቱ እጁ ላይ ተሰበሩ። "እትዬ፣ ጥፋቱ የቤቱ ነው እንጂ የኔ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነበር። እስከ ዛሬ ቡፌውን ከዚያ ጥግ አላነሳሁትም። ለእርስዎ ግን ገና ችካል ነው፤ መንቀል ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ፈተና ላይ "ካሬ ሬክታንግል ነው፣ እውነት ወይስ ሐሰት?" ተብላ "እውነት" ብትል ተሰረዘባት። አባቷም "ሬክታንግል ማለት ረዘም ያለው ነው፤ ካሬ ካሬ ነው" ይላታል። ልጅቷ ማልቀስ ነው የቀራት። ማነው ልክ? (እናት፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። አይዞሽ በሉልኝ።

ሬክታንግል ማለት አራቱም ጥጎቹ 90 ዲግሪ የሆኑ ባለአራት ጎን ቅርፅ ነው። ትርጉሙ እዚህ ላይ ያበቃል፤ "አንዱ ጎን መርዘም አለበት" የሚል ቃል የለበትም። ካሬ አራቱም ጥጎቹ 90 ናቸው? አዎ። እንግዲያው ሬክታንግል ነው። በዚያ ላይ ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ተጨማሪ ስም አገኘ። የሐይቅ ሰው ሁሉ ወሎዬ ነው፤ ሐይቅ ተወልዷልና ወሎዬ አይደለም የሚል የለም። ወሎዬ ሁሉ ግን የሐይቅ ሰው አይደለም።

ልጅቷ ይህን ከያዘች አንድ ደረጃ ውሰዷት። አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ ቅርፅ ሮምበስ ይባላል፣ ጥጉ ምንም ይሁን ምን። ስለዚህ ካሬ ሮምበስም ነው። ሬክታንግሉም ሮምበሱም ደግሞ ፓራሌሎግራም ናቸው። ይህ ቤተ ዘመድ የሚለየው በሰያፎቹ ነው፦ በማንኛውም ፓራሌሎግራም ሰያፎቹ መሐል ለመሐል ይቋረጣሉ፤ በሬክታንግል በዚያ ላይ እኩል ናቸው፤ በሮምበስ በዚያ ላይ ቀጥ ብለው፣ በ90 ዲግሪ ይተላለፋሉ። ካሬ ሦስቱንም ወርሷል። ልጅቷ አራት ቅርፅ ስላ ሰያፎቹን በማስመሪያ ብትለካ ከኔ ጽሑፍ የበለጠ ይገባታል።

አባቷንም ግን አይክሰሱብኝ። እሳቸው ያሉት ነገር የ2300 ዓመት ዕድሜ አለው። በእስክንድርያ ያስተማረው ኤውክሊድ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ቅርፆቹን ሲተረጉም ረዘም ያለውን ባለቀጥ ጥግ ቅርፅ "ጎኖቹ እኩል ያልሆኑ" ብሎ ከካሬ ለይቶት ነበር። በኋላ የመጡት የሒሳብ ሰዎች ናቸው ካሬን ወደ ሬክታንግል ቤት ያስገቡት፤ ምክንያታቸውም ጥሩ ነው። ስለ ሬክታንግል የተረጋገጠ ማንኛውም ነገር ለካሬ እንደገና መረጋገጥ አያስፈልገውም። ዛሬ በትምህርት ቤት የምንከተለው ይህንን ነው። ልጅቷ የመጽሐፉን ትርጉም ገልጣ፣ ከክፍል በኋላ፣ በትሕትና መምህሯን ትጠይቅ። እኔ ስንት ጊዜ ተማሪ አርሞኛል፤ ያረሙኝን ልጆች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም፣ በፍቅር ነው የማስታውሳቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ወልድያ ዓናጺ ነኝ። የግቢ በር ከእንጨት ሠርቼ እገጥማለሁ። ሲገጠም ልክ ነው፣ ክረምቱ ሲያልፍ የመዝጊያው በኩል ወርዶ መሬት ይልሳል። ማጠፊያውን ቀየርኩ፣ ምስማር ጨመርኩ፣ አልዳነም። (ዓናጺ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ምስማር ብትጨምርም ይኸው ነው። ለኮምቦልቻው ሰው የነገርኩትን የሸምበቆ ነገር አንብበው፤ በርህ ያው አራት ሸምበቆ ነው። አራት ጎን ያለው ፍሬም ጎኖቹ ሳይለወጡ ይንጋደዳል። ሦስት ጎን ያለው ግን አይንጋደድም፤ ሦስት ርዝመት ከተወሰነ ቅርፁ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩን ሁለት ሦስት ማዕዘን አድርገው፦ አንድ እንጨት በሰያፍ ምታበት።

አቅጣጫው ላይ ግን ተጠንቀቅ። እንጨት ሲጫኑት ይሸከማል። ስለዚህ ከታችኛው ማጠፊያ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይኛው የመዝጊያ ጥግ ይውጣ፤ የመዝጊያው ክብደት በእንጨቱ በኩል ወደ ታችኛው ማጠፊያ ይወርዳል። ሽቦ የምትጠቀም ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽቦ የሚሠራው ሲሳብ ነውና ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው የመዝጊያ ጥግ ወጥረው።

አባቴ የጠፍር አልጋ ይሠራ ነበር። አራቱን እንጨቶች በእግሮቹ ላይ ከሰካ በኋላ የተነከረውን ጠፍር መወጠር ሲጀምር እኔን ይጠራኛል። የሲባጎውን አንድ ጫፍ በአንድ ጥግ አስይዞኝ እሱ በሌላው ይቆማል፤ ሲባጎው ላይ በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ሌላኛው ሰያፍ እንዞራለን። ምልክቱ እኩል ካልመጣ አልጋውን በጉልበቱ ደገፍ አድርጎ ረጅሙን ሰያፍ ይጫነዋል። ጠፍሩ በማግስቱ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ አልጋውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ጠዋትም እንደገና እንለካለን። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ይሆናል። "ጎኑን ማንም ይለካል፣ አንቺ ሰያፉን ያዢ" ይለኝ ነበር። ጂኦሜትሪ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ መምህራችን የማንኛውም ባለአራት ጎን ቅርፅ የውስጥ አንግሎች ድምር 360 ዲግሪ ነው አሉን። አንዱ ጥጉ ወደ ውስጥ የገባ፣ እንደ ቀስት ጫፍ ያለ ቅርፅም 360 ነው ወይ? (የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ጎበዝ፣ ተጠራጣሪ ተማሪ ደስ ይለኛል። አዎ፣ እሱም 360 ነው።

በየትኛውም ባለአራት ጎን ውስጥ አንድ ሰያፍ ብታሰምር ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የእያንዳንዱ ድምር 180 ስለሆነ ሁለቱ 360። ወደ ውስጥ በገባው ቅርፅ ላይ ግን ሰያፉን ከዚያው ከገባው ጥግ ማስነሳት አለብህ፤ ከሌላው ካስነሳኸው ከቅርፁ ውጭ ይወጣብሃል። የገባው ጥግ በውስጥ በኩል ከ180 በላይ ነው። ለምሳሌ ሦስቱ ጥጎች 40፣ 30 እና 50 ቢሆኑ ድምራቸው 120፤ የገባው 240 ነው። ፕሮትራክተርህ እስከ 180 ብቻ ከሆነ የውጭውን ለካና ከ360 ቀንስ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ከካርቶን አንድ ባለአራት ጎን ቁረጥ፤ የፈለግኸውን፣ የተጣመመ ይሁን፣ ወደ ውስጥም የገባ ይሁን። በእሱ ልክ ሃያ ያህል ሌላ ቁረጥ። አሁን ጎን ለጎን ግጠማቸው፤ ጎረቤቱን ሁልጊዜ ግማሽ ዙር አዙረህ፣ እኩል ጎን ከእኩል ጎን ጋር። ምንም ክፍተት ሳይተው ጠረጴዛውን ይሸፍንልሃል። ምክንያቱ አራቱ የተለያዩ ጥጎች በአንድ ነጥብ ዙሪያ ይገናኛሉ፣ ድምራቸውም 360፣ ሙሉ ዙር ነው። ባለአምስት ጎን ላይ ሞክረው፤ አምስቱም ጎንና ጥግ እኩል የሆነው ፈጽሞ እሺ አይልህም። ይህን ነገር በተማሪ እጅ ሲገጣጠም ሳይ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ሳስረዳ አንድ እንግዳ "መስቀሉ ከላይ ሲታይ ስንት ጥግ አለው፣ ድምሩስ?" አለኝ። ስንት ልበል? (ከላሊበላ)

መልስ፦ 12 ጥግ። ስምንቱ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፣ 90፣ 90 ዲግሪ፤ አራቱ ክንፎቹ የሚገናኙባቸው ወደ ውስጥ የገቡ፣ 270፣ 270። 720 ሲደመር 1080፣ 1800 ዲግሪ። ከጎኖቹ ቁጥር ሁለት ቀንሶ በ180 ማባዛት ነው፤ 12 ሲቀነስ 2 አሥር፣ አሥር ጊዜ 180። ለእንግዳው አንድ ነገር ይጨምሩለት፦ ያ ሕንፃ ከአንድ ዐለት ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። የኮምቦልቻው ሰው ችካሉን ነቅሎ ያስተካክላል፤ እነዚያ ጠራቢዎች የተሳሳተ ጥግ የሚመልሱበት መንገድ አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን፣ ተሁለደሬ። አባታችን ያወረሰን ማሳ ባለአራት ጥግ ነው፣ ግን ጥጎቹ የተጣመሙ ናቸው። ከዋርካው እስከ መንገዱ 39 ሜትር፣ ከመንገዱ እስከ ምንጩ 25፣ ከምንጩ እስከ ካቡ 33፣ ከካቡ ተመልሶ ዋርካው 65 ሜትር ነው። ታናሼ ትምህርት የቀመሰ ነው፤ "ፊት ለፊት ያሉትን እየደመርን ለሁለት እንክፈልና እናባዛው" አለ። 36 በ45 ሆኖ 1620 ካሬ ሜትር መጣ፤ "ስለዚህ ለእያንዳንዳችን 810 ይደርሰናል" ብሎ በመንገዱ በኩል የራሱን ለክቶ ወሰደ። የተረፈኝን ሳየው ለዓይን እንኳ አይተካከልም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሒሳቡ ልክ ነው እየተባለ ዝም አልኩ። ከታናሼ ጋር ከፍልሰታ ወዲህ ቡና አልጠጣንም። (ገበሬ፣ ከተሁለደሬ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ላይ አደረ። በሒሳብ ስህተት ወንድም ከወንድሙ ቡና ማቆሙ ያመኛል፤ ስለዚህ እርምጃ በእርምጃ እሄዳለሁ፣ ለታናሽዎም ያንብቡለት።

መጀመሪያ፣ ታናሽዎ አላጭበረበረም። ያ ስሌት የቆየ ነው። በግብፅ፣ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከ2000 ዓመት በፊት የተቀረጸ የመሬት ዝርዝር አለ፤ ማሳዎቹ የተሰሉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች አማክሎ ማባዛት። ችግሩ ስሌቱ ልክ የሚሆነው አራቱም ጥጎች 90 ዲግሪ ሲሆኑ ብቻ መሆኑ ነው። ጥጉ በተጣመመ ቁጥር ከእውነተኛው ስፋት በላይ ይሰጣል፤ አንድም ጊዜ አሳንሶ አይሰጥም። የሌለ መሬት ተቆጥሮ ሲካፈል ደግሞ መጀመሪያ ለክቶ የወሰደው ሰው ሙሉ ያገኛል፣ ጉድለቱ ሁሉ በተከታዩ ላይ ይወድቃል። እርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ አራት ጎን ብቻ ይዞ ስፋት ማወቅ ፈጽሞ አይቻልም። ሸምበቆዎቹን ያስታውሱ፤ ሲንጋደዱ ጎኖቹ ያው ናቸው፣ በመሐል ያለው መሬት ግን ይጠባል። አምስተኛ ልኬት ያስፈልጋል። ደብዳቤዎ ላይ ይህ ስላልነበረ በመልእክት ጠየቅኩዎት፤ እርስዎም ገመድ ይዘው ከዋርካው እስከ ምንጩ ለክተው 56 ሜትር ብለው ላኩልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ቁጥር ውስጥ ነው። እሱ 60 ሜትር ቢሆን ኖሮ በነዚያው አራት ጎኖች ማሳው ወደ 1308 ካሬ ሜትር ይወርድ ነበር።

አሁን ማሳው ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። ወደ ካቡ ያለውን እንይ፦ 33፣ 56፣ 65። 33 በ33፣ 1089፤ 56 በ56፣ 3136፤ ድምሩ 4225፣ እሱም 65 በ65 ነው። ስለዚህ ምንጩ ጋ ያለው ጥግ ልክ 90 ዲግሪ ነው፤ ስፋቱም የ33 እና የ56 ብዜት ግማሽ፣ 924 ካሬ ሜትር።

ወደ መንገዱ ያለው 39፣ 25፣ 56 ነው፤ ቀጥ ያለ ጥግ የለውም። እዚህ ላይ የእስክንድርያው ሄሮን ስሌት ይረዳናል። ሦስቱን ጎን ደምረን ስንከፍል ለሁለት 60። ከ60 ላይ እያንዳንዱን ጎን እንቀንስ፦ 21፣ 35፣ 4። አራቱን እናባዛ፣ 60 በ21 በ35 በ4፣ 176400። በራሱ ሲባዛ ይህን የሚሰጠው 420 ነው፤ ስፋቱ 420 ካሬ ሜትር። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከዋርካው እስከ ምንጩ በተወጠረው ገመድ ላይ፣ ከመንገዱ ጥግ በቀጥታ የሚወርደውን ርቀት፣ 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ (በቀጥ ጥግ መለኪያ) እያዩ ይለኩ፤ 15 ሜትር ይመጣል። 56 በ15 ሲካፈል ለሁለት፣ ያው 420።

ማሳው በሙሉ 1344 ካሬ ሜትር ነው። በታናሽዎ ስሌት የተቆጠረው 276 ካሬ ሜትር የትም የለም። እሱ 810 ከወሰደ ለእርስዎ የቀረው 534 ብቻ ነው፤ ዓይንዎ አልዋሸዎትም። የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 672 ነው።

አከፋፈሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ከዋርካው እስከ ምንጩ ያለው መስመር በመንገዱ በኩል 420 ይለያል፤ ለ672 የሚጎድለው 252 ነው። ያንን ከካቡ በኩል እንወስዳለን። ከምንጩ ወደ ካቡ በሚሄደው 33 ሜትር ጎን ላይ እያንዳንዱ ሜትር፣ ከዋርካው ሲታይ፣ 28 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ 924 ሲካፈል ለ33 ማለት ነው። 252 ሲካፈል ለ28፣ 9። አፈሩ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ በምንጩ በኩል ያለው ረግረግ ከሆነ፣ ያንን ማካካስ የሽማግሌዎቹ ፈንታ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ስፋቱ ነው።

ታናሽዎን ይጥሩትና አብራችሁ ለኩ፤ አንዱ ብቻውን አይለካ። እሱ የገመዱን ጫፍ ምንጩ ጋ ይያዝ፣ እርስዎ ወደ ካቡ 9 ሜትር ይሂዱና እዚያ ችካል ይትከሉ። ከዚያ ችካል እስከ ዋርካው ሲባጎ ወጥሩ። በመንገዱ በኩል ያለው 672፣ በካቡ በኩል ያለውም 672 ነው።